የሰው ቤት ስንጠብቅ ጊዜውን በምን እናሳልፈው?

የጥያቄና መልስ ዓምድ

ባለቤቶቹ ከጉዞ እስኪመለሱ ቤት ለመጠበቅ ቁልፍ የተረከቡ አንባብያን በዚህ ሰሞን ብዙ ጽፈውልናል። ውሻው በልቷል፣ አበባው ውሃ ጠጥቷል፣ በሩ ተቆልፏል፤ የቀረው ሰዓት በምን ይለፍ ነው ጥያቄው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የወዳጆቼን ቤት ለ12 ቀን እጠብቃለሁ። እዚያ ሆኜ በዘይት ቀለም መሣል ልጀምር አስቤያለሁ። ሌላስ ምን ይዤ ልሂድ?

የዘይት ቀለሙን ለራስዎ ቤት ያቆዩት። ስስ ሆኖ የተቀባው እንኳ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ ወፈር ያለው ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ 12ኛው ቀን ላይ ያልደረቀ ሥዕል ታቅፈው ሊወጡ ነው። የማቅለያው ሽታ መጋረጃና ሶፋ ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ የዘይት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነው፣ ይህ ዘይት ሲደርቅ ደግሞ ሙቀት ያወጣል። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል።

ለሰው ቤት የሚሆነውን ሥራ ለመለየት አንድ መመዘኛ ይበቃል። በሩ ድንገት ቢንኳኳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰብስበው ቦርሳ ውስጥ መክተት ይችላሉ? ከሰበሰቡት በኋላስ ጠረጴዛው ላይ ሽታ፣ ዱቄት ወይም ነጠብጣብ ይቀራል? መጀመሪያውን አዎ፣ ሁለተኛውን አይ ካሉ ይዘውት ይሂዱ። በዚህ መመዘኛ ሙጫ፣ መጋዝ፣ ከሰልና ፓስቴል ይወድቃሉ። የከሰልና የፓስቴል ብናኝ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ በመጥረጊያ ይበልጥ ይሰርጋል እንጂ አይወጣም።

መሣል ከወደዱ እርሳስ ይያዙ። ኤችቢ፣ 2ቢ እና 4ቢ እርሳሶች፣ ብናኙን በውስጡ የሚይዝ መቅረጫ፣ ላጲስና ኤ5 የሚያህል ደብተር ይበቃሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ወንበር በቂ አስተማሪ ነው። ጀማሪ የሣለው ወንበር የሚንጋደደው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አይደለም፤ አራቱ እግሮች እኩል መሆናቸውን ስለሚያውቅ የሚያየውን ትቶ የሚያውቀውን ስለሚሥል ነው። መፍትሔው ወንበሩን መተው ነው። በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ይመልከቱና ያንን ክፍተት እንደ አንድ ቅርጽ ይሣሉት። ክፍተቶቹ በትክክል ከወጡ ወንበሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ቁጭ ያሉበትን ቦታ ግን አይቀይሩ፤ ጭንቅላትዎ አንድ ስንዝር ከዞረ ክፍተቶቹ ሁሉ ይለወጣሉ።

ጥያቄ፦ ኪሮሽ እየተማርኩ ነው። የምጠብቀው ቤት ድመት አለች፤ ያስቸግር ይሆን? ደግሞም የምሠራው ሁሉ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ሦስት ማዕዘን ይሆንብኛል።

ከድመቷ እንጀምር፤ ጨርቁ ይደርሳል። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾኮች አሉበት። ክር አንዴ ከያዛቸው መትፋት ስለሚያቅታት ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንዱ ጫፉ የሆነ ቦታ ይያዝና ቀሪው ከአንጀቷ ጋር ሲጓዝ፣ አንጀቷን እንደ ላስቲክ የገባበት ጨርቅ ይሸበሽበዋል፤ ሊበጣውም ይችላል። ስለዚህ ኳሱም፣ መርፌውም፣ ቁራጩም ክር ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይደር። ክፍት ቅርጫት ለድመት ግብዣ ነው። ከአፏ ወይም ከኋላዋ የተንጠለጠለ ክር ካዩ በፍጹም አይጎትቱ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ቁጥሩን ባለቤቶቹ ሳይሄዱ ይቀበሉ።

አሁን ወደ ሦስት ማዕዘኑ። ጨርቁ የሚጠበው በየመስመሩ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ስለሚዘሉ ነው። ለማረም ትንሽ አራት ማዕዘን የዕቃ መወልወያ ይሥሩ፤ 4 ሚሊ ሜትር የኪሮሽ መርፌና 50 ግራም ገደማ የጥጥ ክር ይበቃል። 31 ሰንሰለት ይሥሩ። ከመርፌው ሲቆጥሩ ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምረው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ አጭሩን ቋጠሮ ያሳርፉ፤ መጨረሻ ላይ 30 ይሆናል። ጨርቁን ያዙሩና አንድ ሰንሰለት ወደ ላይ ይውጡ። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህች ላይ ነው። የመስመሩ የመጀመሪያ ቋጠሮ የሚያርፈው ያቺ አንድ ሰንሰለት በበቀለችበት ራስ ላይ ነው። ራሱ ጠበብ ብሎ ስለሚታይ ጀማሪ ዘሎት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በሌላው ጫፍም የመጨረሻው ራስ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል እንደ ጠርዝ ተቆጥሮ ይታለፋል። በአንድ መስመር ሁለት ከጎደለ በአሥር መስመር 20 ይጎድላል፤ ሦስት ማዕዘኑ ይኸው ነው።

በየመስመሩ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ መርፌ ቁልፍ ያድርጉ፤ ሲመለሱ የሚገቡበትን ራስ ያሳይዎታል። የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች ደግሞ እየጨረሱ ይቁጠሩ፤ 30 ካልሆነ ያንን መስመር ብቻ ይፍቱ። የታችኛው ጠርዝ ጨርቁን ጨምድዶ ከያዘው ሰንሰለቱን አጥብቀው ሠርተዋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰንሰለቱን ብቻ በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ሠርተው ከዚያ ወደ 4 ይመለሱ። ሲጨርሱ መርፌ ቁልፎቹን ይቁጠሩ፤ ድመት ያለችበት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የምጠብቀው ውሻ ቡችላ ነው። በየአሥር ደቂቃው ያስነሳኛል። በመሃል ቢቋረጥ የማይበላሽ ሥራ አለ?

ወረቀት ማጠፍ። የትኛውም እጥፋት ላይ ቢያቆሙት እዚያው ይጠብቅዎታል፤ ቡችላው ቢበላብዎም የሚጎድለው አንድ ወረቀት ነው። በተለይ ከብዙ ተመሳሳይ ቁራጮች ያለ ሙጫ የሚገጣጠመውን ዓይነት እንመክራለን። ሶኖቤ የሚባለው የጃፓን ቁራጭ በስድስት ኩብ፣ በ12 እና በ30 ደግሞ ሹል ሹል ያላቸው የኮከብ ኳሶች ይሆናል። አንዱን ቁራጭ አጥፎ ለመጨረስ ከለመዱት በኋላ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን ጥግ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ረጅም ጎን አጥፈው የተረፈውን ቁራጭ ሲቆርጡ 21 በ21 ይቀርዎታል። እሱን በአራት ቢከፍሉ 10.5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ካሬዎች ያገኛሉ፤ ለአንድ ኩብ ሁለት ኤ4 ይበቃል ማለት ነው።

ካሬውን መሃል ለመሃል አጥፈው ይክፈቱ። ግራና ቀኙን ወደ መሃል መስመሩ ያምጡ፤ ሁለት መዝጊያ ያለው በር ይመስላል። በሩ እንደተዘጋ የታችኛውን ግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጠርዝ፣ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ወደ ግራ ጠርዝ በሰያፍ ያጥፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ ከተቃራኒው መዝጊያ ሥር ይወትፉት። የተንጋደደ አራት ማዕዘን ያገኛሉ። ይገልብጡትና ሁለቱን ሹል ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፈው መልሰው ትንሽ ይክፈቷቸው። ጫፎቹ ምላስ ናቸው፤ መሃሉ ላይ ያለው ካሬ ኪስ አለው። የአንዱ ምላስ በሌላው ኪስ ይገባል፤ በኩቡ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሦስት ቁራጮች ይገናኛሉ። ለ12ቱና ለ30ው ኳስ መሃሉን ካሬ ደግሞ አንድ ጊዜ በሰያፍ ማጠፍ ያስፈልጋል።

የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከቁራጮቹ አንዱ ላይ ግራ ጥግ በማጠፍ ፋንታ ቀኙን ካጠፉ ቁራጩ የመስታወት ግልባጭ ይሆናል፤ ምላሱ ኪሱን አያገኝም፣ ምንም ቢያስገድዱት አይገጥምም። ከቡችላው ጋር ወጥተው ሲመለሱ የሚፈጠር ስህተት ስለሆነ አንድ ያለቀ ቁራጭ ሁልጊዜ ፊትዎ ይኑር። ሁለተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። ስድስተኛው እስኪገባ አምስቱ እየተላቀቁ ያበሳጫሉ፤ ኩቡን የሚያስረው የመጨረሻው ቁራጭ ነው። እጥፋቱን በጥፍር ጀርባ ጠበቅ አድርጎ መጫን ግማሹን ችግር ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ቤቱ ያለው አፓርታማ ላይ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ መማር ይቻላል?

ይቻላል፤ ኪቦርድ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ካለዎት ችግር የለም፤ ግን ማን ተሸክሞት ይሄዳል? ኪስ የሚገባው ሀርሞኒካ ነው። በእጅ መዳፍ ሲታፈን ድምፁ ይቀንሳል፤ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ተከፍቶ ወደዚያ ዞረው ቢነፉ ልብሱ ድምፁን ይውጠዋል። ቢሆንም ከመሸ በኋላ ይተዉት፤ ጎረቤቶቹ የእርስዎ ሳይሆኑ የባለቤቶቹ ናቸው።

በ«C» ቁልፍ (ዶ ላይ) የተቃኘ ባለ አሥር ቀዳዳ ይግዙ። ጀማሪ ከቀዳዳ 1 ይጀምርና «ፋ» እና «ላ» ጠፉብኝ ይላል። አልጠፉም፤ ከታችኞቹ ሦስት ቀዳዳዎች ላይ መጀመሪያውኑ አልተሠሩም። ሙሉው ስኬል (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለው ቅደም ተከተል) ያለው ከ4 እስከ 7 ነው። 4 ሲነፋ ዶ፣ 4 ሲሳብ ሬ፤ 5 ሲነፋ ሚ፣ 5 ሲሳብ ፋ፤ 6 ሲነፋ ሶል፣ 6 ሲሳብ ላ። እስከዚህ ድረስ ንፋ፣ ሳብ፣ ንፋ፣ ሳብ እያለ ይሄዳል። 7 ላይ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ይሳባል፣ ሲ ነው፤ ቀጥሎ ይነፋል፣ የላይኛው ዶ ነው። መቶ ጀማሪ መቶውም 7 ላይ ይደናቀፋል፤ እጅ የለመደውን ስለሚቀጥል ነው። ስለዚህ ስኬሉን ከታች ጀምሮ ደጋግሞ ከመንፋት ይልቅ «6 ሳብ፣ 7 ሳብ፣ 7 ንፋ» የምትለዋን ሦስት እርምጃ ብቻ ለይቶ ሃያ ጊዜ መሥራት ያዋጣል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መሳብ ያለው እዚያች ጋ ብቻ ነው።

አንድ ቀዳዳ ብቻ መንፋት ሲያቅትዎ ሁለት ሦስት ድምፅ አብሮ ይወጣል። ከንፈርዎን ፉጨት እንደሚያፏጩ ያሹሉና ሀርሞኒካውን ከከንፈሩ ውስጠኛ እርጥብ ክፍል ጋር ያገናኙ። በጉንጭ ሳይሆን በሆድ ይተንፍሱ፤ በኃይል ከተነፋ ውስጡ ያሉት ስስ የብረት ምላሶች ይታነቃሉ፣ ይዋል ይደርና ቃናቸውን ያጣሉ። ከመንፋትዎ በፊት አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ሲጨርሱ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው መዳፍዎ ላይ መታ መታ ያድርጉት። ውስጡ እንጨት ከሆነ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ያብጣል።

ጥያቄ፦ የባለቤቶቹ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ባለ 1000 ቁራጭ ፐዝል (ተገጣጥሞ ሥዕል የሚሆነውን) ልዘርጋ?

ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ሰሌዳ ላይ ይዘርጉ። ባለ 1000 ፐዝል ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ 70 በ50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን 80 በ60 የሆነ ጠፍጣፋ ካርቶን ይበቃዋል፤ ማታ ከሶፋ ሥር ይገፋል። መደርደሩን በቀለም ብቻ አይጀምሩ፤ ጠርዙ ካለቀ በኋላ ሰማይና ውሃ የመሳሰለውን አንድ ቀለም የሆነውን ክፍል በቅርጽ ይለዩት፤ ሁለት ጆሮ ያለው፣ አንድ ጆሮ ያለው፣ አራቱም ጎን የጎደጎደ እያሉ። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ «1000» የሚል የተጻፈባቸው በእርግጥ 38 በ27 ተደርገው ስለሚቆረጡ 1026 ናቸው። ስለዚህ ሳጥኑን ቆጥረው «26 ተረፈ» ብለው አይደናገጡ። ፐዝሉ የባለቤቶቹ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቁራጭ ጎድሎ እንደነበር ይጠይቁ፤ ኋላ በእርስዎ እንዳይላከክ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ሁለት ልጆች አብረውኝ አሉ። ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ብቻ ግማሽ ቀን የሚይዝ ነገር ይኖራል?

ክፍሉን ራሱን ካሜራ ያድርጉት። የደጁን ዛፍ፣ የሚያልፈውን መኪና፣ ሰማዩን ሳይቀር ግድግዳ ላይ ተገልብጦ በቀለሙ ሲንቀሳቀስ ያዩታል። ኢብን አል ሃይሠም የሚባለው ሊቅ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ የመረመረው በዚህ ዓይነት ጨለማ ክፍል ነው።

ትልቁ ቁም ነገር የመስኮቱ ምርጫ ነው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አይሆንም፤ ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ሆና ደጁን ስታበራ የሚሠራ ነው። ጠዋት ላይ ወደ ምዕራብ የሚያየውን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚያየውን መስኮት ይምረጡ። ደመና ከሆነ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

መስኮቱን በካርቶን ወይም ድርብ በተደረገ ጥቁር ፌስታል ይሸፍኑ። ለማጣበቂያ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ብቻ ይጠቀሙ፤ እሱንም ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በመስኮቱ ፍሬምና በመስታወቱ ላይ። አስቀድመው በማይታይ ጥግ ለጥፈው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንሱት፤ ቀለም ይዞ ከተነሳ ሐሳቡን ይተዉት። በካርቶኑ መሃል 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይብሱ። ከቀዳዳው ትይዩ ነጭ ግድግዳ ከሌለ አንሶላ ይስቀሉ። መብራቱን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ልጆች «ምንም የለም» የሚሉት በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ነው፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ሥዕሉ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

የሚገለበጠው ብርሃን ስለማይታጠፍ ነው። ከዛፉ ጫፍ የተነሳው ጨረር በቀዳዳው ሲያልፍ ወደ ታች ወርዶ ግድግዳው ግርጌ ያርፋል፤ ከሥሩ የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል። ቀዳዳውን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቢያጠቡት ሥዕሉ ይጠራል፣ ብርሃኑ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለቱንም ማግኘት ከፈለጉ +1 የሚል የንባብ መነጽር ይፈልጉ። ቀዳዳውን ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አስፍተው አንዱን መስታወት ፊቱ ላይ ያድርጉና ነጭ ወረቀት 1 ሜትር ርቀት ላይ ይያዙ፤ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅሱት አንድ ቦታ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። +1 ማለት ብርሃንን በ1 ሜትር ላይ የሚሰበስብ ማለት ስለሆነ ነው።

ምንም ካልታየ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀዳዳው ሳይሆን በጠርዝና በበር ሥር የሚገባው ብርሃን ነው፤ በፎጣ ይድፈኑት። ሲጨርሱ ሽፋኑን በዚያው ቀን ያንሱ። ፀሐይ ዞራ ብትመጣ በጥቁር የተሸፈነ መስታወት በእኩል ስለማይሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። መነጽሩም ፀሐይ በምታገኘው ቦታ አይደር፤ እሳት ያስነሳል።

ጥያቄ፦ ቤቱ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ሌሊቱ ድቅድቅ ነው። ከዋክብት ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልገኛል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌስኮፕ አንመክርም። መብራት ሁሉ አጥፍተው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ ይቀመጡ፤ ዓይን ጨለማውን ሙሉ በሙሉ የሚለምደው ያኔ ነው። ስልክዎን አንዴ ካበሩት ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ካርታ ማየት ካለብዎ የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ቀይ ብርሃን ብዙም አይሰማቸውም።

10×50 የሆነ (አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊቱ መስታወት 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖክዩላር፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚያዩበት አቅራቢ መነጽር ካለ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ያሳያል፤ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ናቸው። በእጅ ብቻ ከያዙት ግን ኮከቡ ሁሉ ይጨፍራል፤ አሥር እጥፍ ሲያጎላ የእጅንም ንቅናቄ አሥር እጥፍ ያጎላል። በአጥር ወይም በወንበር መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። መጀመሪያ ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመሃሉ መሽከርከሪያ ለግራው ያጥሩ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍነው በቀኙ ዓይን ላይ ባለችው ቀለበት ብቻ ያስተካክሉ። ይህን ሳያደርጉ «ባይኖክዩላሩ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፀሐይ ሰማይ ላይ እያለች ግን አይጠቀሙበት።

የተወርዋሪ ኮከብ ምሽት ከፈለጉ ነሐሴ 6 ገደማ እና ታኅሣሥ 4 ገደማ የዓመቱ ጥሩዎቹ ናቸው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ በጀርባ ተኝቶ። ለዚህ ባይኖክዩላር አይጠቅምም፤ እይታን ያጠብባል። ከምሽቱ መጀመሪያ ወይም ከንጋት በፊት ብልጭ ድርግም ሳይል በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ የሚሄድ ደማቅ ነጥብ ካዩ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም፤ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። መሃል ሰማይ ላይ ድንገት ቢጠፋ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው።

ቁልፉን ደግሞ ኪስዎ ይክተቱ። ራሱን የሚቆልፍ በር ያለበት ቤት ሲጠብቁ ቁልፉን ውስጥ ከረሱት ከዋክብቱን እስከ ንጋት ድረስ ሊያዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቤቱ በአበባ የተሞላ ነው። ቆርጬ ላባዛ እችላለሁ?

ሳይፈቀድልዎ አይቁረጡ። ከተፈቀደልዎ ግን እንደ ፖቶስ ያሉ ሐረጎች ለጀማሪ ይመቻሉ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ፣ ቅጠል ከሚበቅልበት አንጓ ዝቅ አድርገው ይቁረጡ። ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው፤ አንጓ የሌለው ቁራጭ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም አይበቅልም። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያንሱ፣ ውሃውን በየአራት ቀኑ ይቀይሩ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሥር ያወጣል። የባለቤቶቹን አበቦች ግን ከፍቅር ብዛት አይግደሏቸው። ጣትዎን 3 ሳንቲ ሜትር አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይለፉት። ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ የሆነ ተክል ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ ይጨርሰዋል። ድመት ካለች ደግሞ የሊሊ አበባ በእቅፍም ቢሆን ይዘው አይግቡ፤ ብናኟ እንኳ ኩላሊቷን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ መጻሕፍታቸውን ማንበብ ነውር ነው?

አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ ቢሆንም ይጠይቁ። ከመደርደሪያው ሲያወጡ በቦታው ወረቀት ይተዉ። ገጽ አያጥፉ፣ ከፍተው አይድፉት፤ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ መደርደሪያቸው ላይ የነበረው የሩቢክ ኩብ (ፊቶቹን እያዞሩ ቀለሞቹን የሚያዛምዱበት መጫወቻ) ከእጄ ወድቆ ተበታተነ። ገጣጥሜ ልፈታው ሞከርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ መመሪያውን ተከትዬ መጨረሻው ላይ አንዲት ጥግ ብቻ ተጣምማ ትቀራለች። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?

መመሪያው ላይ አይደለም፤ ሲገጣጥሙት ነው። ኩቡ 8 ጥጎች፣ 12 ጠርዞችና ከቦታቸው የማይነቃነቁ 6 መሃሎች አሉት። በማዞር ብቻ 43,252,003,274,489,856,000 ዓይነት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ከማንኛቸውም ቢሆን በ20 እርምጃ ወይም ከዚያ ባነሰ መፍታት እንደሚቻል በ2010 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ተፈታትቶ በዘፈቀደ ሲገጠም ግን የሚፈጠረው ሁኔታ የዚህ 12 እጥፍ ነው። ማዞር አንዲትን ጥግ ብቻዋን ሊያጣምም አይችልም፤ አንዲትን ጠርዝ ብቻዋን ሊገለብጥ አይችልም፤ ሁለት ቁራጮችን ብቻ ቦታ ሊያለዋውጥም አይችልም። ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ ኩብ የመፈታት ዕድሉ ከ12 አንድ ነው።

ማረሙ ቀላል ነው። አንዲት ጥግ ብቻ ከቀረች በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ ይዘው እዚያው ቦታዋ ላይ ያዙሯት፤ ብዙዎቹ ኩቦች ላይ ሳይነቀሉ ትዞራለች። አንዲት ጠርዝ ተገልብጣ ከቀረች የላይኛውን ፎቅ 45 ዲግሪ አዙረው ጠርዟን በጣት ወደ ውጭ ይፈንቅሉ፣ ገልብጠው ይመልሱ። ሁለት ጠርዞች ብቻ ቦታ ከተለዋወጡ ሁለቱንም አውጥተው ይቀያይሩ። ሌላ ጊዜ ከተበታተነ ሁሉንም ፊት በየቀለሙ የተፈታ አድርገው ይግጠሙት፤ ከዚያ በኋላ ሲያዘባርቁት የግድ ይፈታል።

ለባለቤቶቹ መውደቁን ይንገሯቸው። ሲያገኙት ተዘባርቆ የነበረ ከሆነ ደግሞ ፈትተው ከማስቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ፤ አንድ ልጅ ለወራት ሲታገልበት የነበረውን እርስዎ ጨርሰውበት ሊሆን ይችላል።